ካፈርኩ አይመልሰኝ፦ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ እንዴት ገባች? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቬትናም ጦርነት እንዴት እንዳለቀ ሁሉም ሰው ያውቃል። ሄሊኮፕተሩን፣ ጣሪያውን፣ መሰላሉ ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ በፎቶ አይተነዋል። እንዴት እንደተጀመረ ጠይቁ፤ መልሱ እንደየሰዉ ነው። አንዱ «ለሀብት» ይላል፣ ሌላው «በውሸት»፣ ሌላው ደግሞ «ትዕቢት እንጂ ምን ሊሆን!» ብሎ ይዘጋዋል። ሁሉም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። አሳሳቹም እሱ ነው።

ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጦርነቱ የተጀመረበት ቀን አለ»

ራሳቸው አሜሪካኖቹም ይህን ቀን ለማግኘት ተቸግረዋል። ዋሽንግተን የሚገኘው፣ የሟቾች ስም የተቀረጸበት ጥቁር ግድግዳ በ1982 ሲመረቅ፣ ዝርዝሩ የሚጀምረው በጁላይ 1959 ከተገደሉ ሁለት ወታደሮች ነበር። አሜሪካ ትደግፋት ከነበረችው ከደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ከሳይጎን ወጣ ብላ በምትገኘው ቢየን ሆአ ውስጥ ነው የሞቱት። ጥቂት የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ማታ መመገቢያ አዳራሽ ተቀምጠው ፊልም ያያሉ። አንዱ ጥቅል አለቀ። አንደኛው ተነስቶ ቀጣዩን ጥቅል ለመቀየር መብራት አበራ። ጨለማ ውስጥ የነበሩት ታጣቂዎች በመስኮት ተኮሱ።

በ1999 ደግሞ ከነሱ የሚቀድም ስም ግድግዳው ላይ ተጨመረ። ይኼኛው የሞተው በ1956 ሲሆን የገደለውም ጠላት ሳይሆን ሌላ አሜሪካዊ ወታደር ነው። የመጀመሪያው ሟች ማን እንደሆነ ለመወሰን እንኳን ይህን ያህል ጊዜ ፈጅቷል።

ገንዘቡ ከሰዉ ቀድሞ ነው የገባው። ፈረንሳይ ቅኝ ግዛቷን ኢንዶቻይናን (ቬትናምንና ጎረቤቶቿን) ላለመልቀቅ ስትዋጋ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1950 እርዳታ መላክ ጀመረ። በሜይ 1954 የፈረንሳይ ምሽግ ዲየን ቢየን ፉ ስትወድቅ ከፈረንሳይ የጦር ወጪ አብዛኛውን የምትሸፍነው አሜሪካ ነበረች። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ያኔ ወታደር አልልክም አለ፤ በዚህ ይመሰገናል። ግን ፈረንሳይ ስትወጣ፣ ኪራዩን ሲከፍል የነበረው ሰው ቤቱን ተረከበ። አይዘንሃወር ሥልጣኑን ሲያስረክብ እዚያ የነበሩት አማካሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ኬኔዲ በ1963 ሲገደል ከ16 ሺህ በላይ ሆነዋል። ጦርነት ያወጀ ሰው ግን የለም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ ማለት ይኼ ነው።

«የቶንኪኑ ጥቃት ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነበር»

ግማሹ ፈጠራ ነው፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ግማሹ አልተፈጸመም።

ኦገስት 2 ቀን 1964 «ማዶክስ» የምትባለውን የአሜሪካ የጦር መርከብ ሦስት የኮሚኒስቷ የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ በእርግጥም አጥቅተዋል። ቶርፔዶዎቹ ሳቱ። መርከቧ ላይ የተገኘው ጉዳት አንድ የጥይት ቀዳዳ ነው። ለሕዝብ ያልተነገረው፣ ከጥቂት ቀናት በፊት የደቡብ ቬትናም ኮማንዶዎች በአሜሪካ ድጋፍ እዚያው አካባቢ ያሉ የሰሜን ደሴቶችን መደብደባቸው ነው።

ሁለተኛው ጥቃት፣ የኦገስት 4ቱ፣ አልነበረም። ሌሊት ነው፣ ማዕበል አለ፣ የሶናር (ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚለይ መሣሪያ) ባለሙያዎቹ ደግሞ በየደቂቃው «ቶርፔዶ መጣ» ይላሉ። ከሰዓታት በኋላ ራሱ የቡድኑ አዛዥ መልእክት ላከ፦ የአየር ሁኔታው ራዳሩን ሳያሳስት አልቀረም፣ የሶናር ሰዎቹም ከመጠን በላይ ጓጉተዋል፣ በዓይኑ ጠላት ያየ የለም፣ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ይጣራ የሚል። ዋሽንግተን አልጠበቀችም። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የኬኔዲ ተተኪ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ የአጸፋ ጥቃት መጀመሩን ለሕዝቡ ተናገረ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኮንግረስ ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን የሚሰጠውን ውሳኔ አጸደቀ። በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2። የውሳኔው ረቂቅ ከጥቃቱ ወራት ቀደም ብሎ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ስለዚህ ቶንኪን ጦርነቱን አልወለደውም። ለተዘጋጀ ወረቀት ቀን ሰጠው እንጂ።

«ወታደሮቹ የተላኩት ሊዋጉ ነው»

ጥበቃ ነው የተላኩት። እንደ ዘበኛ።

በማርች 1965 መጀመሪያ አሜሪካ ሰሜን ቬትናምን ያለማቋረጥ በአውሮፕላን መደብደብ ጀመረች። አውሮፕላን ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያው ጠባቂ ይፈልጋል። ማርች 8 ቀን 3,500 ገደማ ማሪን ወታደሮች ዳ ናንግ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ጠመንጃቸውን አቀባብለው፣ ለውጊያ እንደሚገባ ሰው ውሃውን እየቀዘፉ ወጡ። የጠበቋቸው የአበባ ጉንጉን የያዙ ልጃገረዶች ናቸው። አዛዡ ጄኔራል አንገቱ ላይ አበባ ተንጠልጥሎለት፣ ፊቱን እንዳኮሳተረ የተነሳው ፎቶ ዛሬም አለ። የተሰጣቸው ትእዛዝ ከቬትኮንግ (ከደቡቡ ኮሚኒስት ታጣቂዎች) ጋር የዕለት ተዕለት ውጊያ ውስጥ እንዳይገቡ ደግሞ ደጋግሞ ይከለክላል።

ዘበኛ ግን አጥሩ ሥር ቆሞ አይቀርም። ሞርታር ከአጥሩ ውጭ ስለሚተኮስ፣ ከአጥሩ ውጭ መቃኘት ያስፈልጋል። የሚቃኝ ሰው ይተኮስበታል። የተተኮሰበት ሰው አጋዥ ኃይል ይጠይቃል። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 6፣ ማሪኖቹ ወጥተው እንዲያጠቁ የሚፈቅድ ምስጢራዊ ውሳኔ ተፈረመ። በዚያው ወረቀት ላይ ለውጡ ለውጥ እንዳይመስል ጥንቃቄ ይደረግ ተብሏል። ጁላይ 28 ቀን ጆንሰን የወታደሩ ቁጥር ከ75 ሺህ ወደ 125 ሺህ እንደሚያድግ አስታወቀ፤ ያውም በምሳ ሰዓት፣ ከአንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሹመት ጋር አዳብሎ። በዓመቱ መጨረሻ 184 ሺህ ደረሱ። በ1969 ከ540 ሺህ አለፉ።

«መሪዎቹ ምን እንደሚመጣ አላወቁም»

ይኼ አመለካከት ብዙ ሰው ያጽናናል። «አላወቁም፣ ቢያውቁ አይገቡም ነበር» ማለት ደስ ይላል። እኔም ረዘም ላለ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። የስልክ ቅጂዎቹ ሲወጡ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ።

ጆንሰን ስልኩን ይቀዳ ነበር። ሜይ 27 ቀን 1964፣ ማለትም ከቶንኪን ሁለት ወር በፊት፣ የብሔራዊ ደህንነት አማካሪውን ማክጆርጅ ባንዲን ያወራዋል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ይለዋል። ሌላ ኮሪያ ውስጥ እየገባን ነው ይላል። ለዚህ ነገር መዋጋት የሚገባ አይመስለኝም፣ መውጣት የምንችልም አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ቀውጢ አይቼ አላውቅም ይላል። ቀጥሎም ማታ የሚያነበውን ወረቀት ስለሚያመጣለት የራሱ ሳጅን ያነሳል። ስድስት ትናንሽ ልጆች አሉት። «እሱን ወደዚያ የምልከው ለምንድነው? ቬትናም ለእኔ ምኔ ናት?»

በዚያው ቀን ከድሮ ወዳጁ ከሴናተር ሪቻርድ ራስል ጋርም አወራ። ራስል መውጣቱን ይመርጣል። ጆንሰን ምን አለ? ጥሎ የሚሸሽ ፕሬዚዳንት ከሥልጣን አያስነሱትም ወይ?

ምክር ያጣ እንዳይመስላችሁ። የፈረንሳዩ ደ ጎል ለኬኔዲ በ1961 ማጥ ውስጥ ትገባላችሁ ብሎት ነበር፤ ፈረንሳይ ደግሞ ማጡን በእግሯ ታውቀዋለች። ሳይጎን የነበረው አምባሳደር ማክስዌል ቴይለር፣ ራሱ ጄኔራል የነበረ ሰው፣ ማሪኖቹ ከመግባታቸው በፊት ቴሌግራም ላከ፦ አንዴ በር ከተከፈተ መዝጋት ያስቸግራል። ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ቦል በጁላይ 1965 ለጆንሰን የጻፈው ደግሞ ዛሬ ሲነበብ ያስደነግጣል። ብዙ ወታደር ከሞተብን በኋላ የማይቀለበስ ነገር ይጀመራል፣ ብሔራዊ ውርደት ካልተቀበልን በቀር ግባችን ሳይሞላ ማቆም አንችልም ነው ያለው።

ምክሩ ተሰምቷል። ተነቧል። ስብሰባ ተደርጎበታል። ከዚያ ሌላው ነገር ተደረገ።

«ለሀብት ብለው ነው»

በሌሎች ጦርነቶች ይህ ጥያቄ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ቬትናም ላይ ግን መልሱን ከራሳቸው ወረቀት እናገኘዋለን። የመከላከያ ሚኒስትሩ የሮበርት ማክናማራ የቅርብ ረዳት ጆን ማክናውተን በማርች 1965 ባዘጋጀው ማስታወሻ ላይ የአሜሪካን ዓላማ እንደ ሂሳብ በመቶኛ አስቀምጦታል። 70 በመቶ፦ ከሚያዋርድ ሽንፈት ለመዳን። 20 በመቶ፦ ደቡብ ቬትናም በቻይና እጅ እንዳትገባ። 10 በመቶ፦ የደቡብ ቬትናም ሕዝብ የተሻለና ነጻ ሕይወት እንዲኖረው።

ለሀብት የተተወ ቦታ የለም። ለሕዝቡ የተተወውም አንድ አሥረኛው ነው። ሰባት አሥረኛው እኛ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የምንለው ነገር ነው። ዋሽንግተን ውስጥ የከበረ ስም ነበረው፤ ተዓማኒነት ይሉታል። እዚህ ቃላችንን ካጠፍን፣ እንጠብቃታለን ባልናት በርሊን ላይ ማን ያምነናል የሚል ስሌት ነው። በዚያ ላይ ቻይና በ1949 በኮሚኒስቶች እጅ ስትገባ «ቻይናን ማን አስበላት?» ተብሎ የትሩማን ፓርቲ (የጆንሰንም ነው) እንዴት እንደተወገዘ ጆንሰን በዓይኑ አይቷል።

«ትልቁ ያዛል፣ ትንሹ ይታዘዛል»

የደቡብ ቬትናሙ መሪ ንጎ ዲን ዲየም የአሜሪካን ገንዘብ እየወሰደ ምክሯን ግን አልቀበልም የሚል ሰው ነበር። ማስፈራሪያው ቀላል ነው፦ እኔ ከወደቅሁ ሁሉም ይወድቃል። ደካማነቱ ራሱ ጉልበት ሆነው። አሜሪካ በመጨረሻ ጄኔራሎቹ በኖቬምበር 1963 ሲገለብጡት እያወቀች ዝም አለች፤ እሱም ተገደለ። ያ ግን እግሯን አላወጣላትም። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ሁሉ በእጇ እንደተሠራ ተቆጠረባት።

ይህ የአሜሪካ በሽታ ብቻ እንዳይመስል፣ ሶቪየት ኅብረትን ተመልከቱ። በማርች 1979 የአፍጋኒስታኑ መሪ ታራኪ ከሞስኮ ጋር በስልክ ሲያወራ ወታደር ላኩልኝ ብሎ ለመነ። ኡዝቤክና ታጂክ ወታደሮቻችሁን የአፍጋን ልብስ አልብሷቸው፣ ታንኩ ላይ የእኛን ምልክት ለጥፉበት፣ ማን ያውቃል አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኮሲጊን ይኼማ በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል ብሎ መለሰለት። ፖሊት ቢሮው ተሰብስቦ አይሆንም አለ፤ ምክንያቶቹም ትክክል ነበሩ። በዲሴምበር ያው ቢሮ፣ ያው ሰዎች፣ በእጅ በተጻፈች አንዲት ወረቀት ወረራውን ፈቀዱ። ርዕሷ «ስለ አ ሁኔታ» ይላል። የአገሪቱን ስም እንኳን ሙሉውን አልጻፉትም። በመሃል ታራኪ በራሱ ምክትል በአሚን ተገድሎ ነበር። አሚንም ወታደር ላኩልኝ ማለቱን ቀጠለ። መጡለትና ገደሉት።

«ሕዝቡ ከመጀመሪያው ይቃወም ነበር»

አይደለም። በኦገስት 1965 የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሉፕ ሲጠይቅ ወታደር መላኩ ስህተት ነው ያለው ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው በ1968 ነው። በቶንኪኑ ውሳኔ ላይ «አይሆንም» ያሉት ሁለቱ ሴናተሮች፣ ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ፣ በዚያው በ1968 መቀመጫቸውን አጡ። ሕዝቡ ወደነሱ ሐሳብ በመጣበት ዓመት ማለት ነው። ፖለቲካ እንዲህ ናት።

«ለመውጣት አንድ ትእዛዝ ይበቃል»

ኒክሰን በጃንዋሪ 1969 ሥልጣን ሲይዝ ጦርነቱን ለመጨረስ ነው የመጣው። አሜሪካ የወጣችበት የፓሪሱ ስምምነት የተፈረመው በጃንዋሪ 1973 ነው። በመካከሉ ባሉት አራት ዓመታት ከ20 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል፤ ከጠቅላላው 58 ሺህ ገደማ ሟች ከሲሶ በላይ መሆኑ ነው። የቬትናማውያኑ ቁጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ይፈለግ የነበረው መውጫ ብቻ አልነበረም። ሽንፈት የማይመስል መውጫ ነው የተፈለገው።

በኤፕሪል 1975 የሰሜን ጦር ሳይጎን ደጃፍ ደርሷል። በአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የታማሪንድ ዛፍ ነበር። ትልልቆቹ ሄሊኮፕተሮች እንዲያርፉ መቆረጥ አለበት። አምባሳደሩ ግርሃም ማርቲን እምቢ አለ። ዛፉ ከወደቀ ሰው ሁሉ ሊሄዱ ነው ይላል ብሎ ነው። ከግቢው ውጭ መድፍ ይሰማል፣ በሩ ላይ ሕዝብ ይጋፋል፣ ዛፉ ቆሟል። ኤፕሪል 29 ቀን ቆረጡት። አምባሳደሩ በማግስቱ ንጋት ላይ በሄሊኮፕተር ወጣ።