«ዘራቸው ነው» ከማለት በፊት፦ ስለ መርሳትና መንቀጥቀጥ በሽታዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ማርቆስ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ አልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ) ወይም ፓርኪንሰን (የመንቀጥቀጥ በሽታ) የያዘውን አባቱን ይዞ የሚመጣ ልጅ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ «እኔንስ ይይዘኛል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሰለቸኝ ጎረቤቱና ዘመዱ መልሱን ቀድመው መስጠታቸው ነው፤ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር «የእነሱ ዘር በስተርጅና ይጃጃል» ተብሎ የፈረሰ እጮኝነት አውቃለሁ።

«በቤተሰብ ካለ ይወረሳል፤ ከተወረሰም አይቀርም» የሚለው እምነት ሁለት ስሕተቶችን ያዘለ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፈው አልዛይመር የሚመጣው በሦስት ጂኖች (ከወላጅ በሚወረሱ የዘር መመሪያዎች) ላይ በሚደርስ ለውጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ከጠቅላላው ሕሙማን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። በ80 ዓመታቸው መርሳት የጀመሩ አያትን ይዞ በልጅ ልጆቻቸው ላይ መፍረድ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ለብዙኃኑ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ከአልዛይመር ጋር ያለው ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1993 የታወቀው «ኤፖኢ 4» የተባለው የጂን ዓይነት ተጋላጭነትን ይጨምራል እንጂ በሽታውን አያውጅም፤ ጂኑ ኖሯቸው አእምሯቸው ሳይደክም የሚያረጁ አሉ፣ ጂኑ ሳይኖራቸው የሚታመሙም ብዙ ናቸው። እንደ ሀንቲንግተን (አንጎልን የሚጎዳ የዘር በሽታ) ያለ፣ ጂኑ በተሟላ መልኩ ከተወረሰ የማይቀር በሽታ መኖሩን አልክድም፤ እርሱን ግን ከአልዛይመር ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

ለጎጃም አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ላይ የሚውለውን ገበሬ የሚይዘው የእግር ዝሆኔ በአንዳንድ ቤተሰብ ይበረታል፤ በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናትም ተጋላጭነቱ ከሰውነት መከላከያ ጂኖች ጋር መያያዙን አሳይቷል። ያም ሆኖ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማና እግሩን በሳሙና ከታጠበ በሽታውን መከላከል ይችላል፤ ጂኑ ብቻውን የአፈሩ ቅንጣት የሚያስነሣውን ብግነት (የሰውነት መቆጣት) አያመጣምና። የአንጎሉ መከላከያ እንደ ጫማ ቀላልና አስተማማኝ አይደለም፤ ሆኖም እዚህም ጂንና አኗኗር ተባብረው ይሠራሉ።

የወንድማማቾች እግር ሲሽመደመድም «ዘር» ይባላል። በችግር ዘመን ለወራት ጓያን ዋና ምግባቸው አድርገው ከአንድ ድስት የበሉ ወንድማማቾች የተጋሩት የጓያውን መርዝ ነው። (በእንፋሎቱ ነው የሚሉም አሉ፤ ጉዳቱ የሚመጣው በመብላት ነው።)

በአልዛይመርም የአንጎል ብግነት ድርሻ አለው፤ «ብግነት ከሆነ የብግነት መድኃኒት ይበቃዋል» የሚለው ግን ትንሽ ካነበቡ ሰዎች የሚሰማ ነው። በአንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው የተከማቸ ፕሮቲንንና የሞቱ ሕዋሳትን ማጽዳት ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሲቆጡ ግን ጤነኛውን የነርቭ ሕዋስ ጭምር ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአልዛይመር ጋር የተያያዘው «ትሬም 2» የተባለ ጂን የሚሠራው በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ፣ «ዘር ነው ወይስ ብግነት?» ብሎ መከራከር ትርጉም የለውም። ይህ ብግነት ግን እንደ ጉልበት እብጠት በክኒን የሚበርድ አይደለም፤ ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ የተባሉት የብግነት መድኃኒቶች አልዛይመርን ይከላከሉ እንደሆነ በአረጋውያን ላይ ተሞክሮ አልሠራም። እናቱ እንዳትረሳ ብሎ በየቀኑ ዲክሎፌናክ የተባለውን የብግነት መድኃኒት ሲሰጣት የነበረ ልጅ፣ በመጨረሻ ጨጓራዋ ደምቶ ወደ እኔ አምጥቷታል።

አልዛይመርና ፓርኪንሰን በአንድ ገበታ በመብላት ወይም በማስታመም አይተላለፉም። ጸበል የሚጠጣ የፓርኪንሰን ታማሚ ሌቮዶፓ የተባለውን የበሽታውን መድኃኒት ማቆም የለበትም፤ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል።

«ሲያረጁ መርሳት ያለ ነው» የሚለው ግን በአንድ መስመር አይታለፍም፣ ሊድን የሚችለውን ሰው ቤት ያስቀምጣልና። የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ያልታከመ ቂጥኝ ሁሉም የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ። ዘመዶቻቸው «አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ» ብለው የተዉአቸው አንድ አዛውንት፣ ከበቅሎ ወድቀው በራስ ቅላቸው ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ነበር፤ ደሙ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ልጆቻቸውን በየስማቸው ጠሩ።

ስለዚህ «ምን ላድርግ?» ለሚለኝ ልጅ ከጂን ምርመራ በፊት የማዝዘው ሌላ ነው። በላንሴት መጽሔት ሥር የተቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ደም ግፊትህን ተለካ፤ «ተሻለኝ» ብለህ ክኒኑን አታቁም፤ ስኳርህን ተመርመር፤ አረቄውን ቀንስ፤ ጆሮህ ሲከብድ ወይም ዓይንህን ሞራ ሲጋርደው «የዕድሜ ነው» ብለህ አትቀመጥ፤ አባትህንም ከሰው ለይተህ ጓዳ አታስቀምጣቸው።