ውጭ ላለ ጓደኛ ጉዳይ መጨረስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ዋሽንግተን ነው ያለው፤ ቤቱ ከእኔ ሁለት ብሎክ አልፎ ነው። ኪራዩን እቀበላለሁ፣ ጉዳዩን እጨርሳለሁ፣ የቤተሰቡንም ወሬ አደርሳለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከእሱም ከጎረቤትም ስሰማቸው የኖርኩ፣ አንዳንዶቹን ራሴም አምኜ የተሸወድኩባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

«ውክልና ካለህ ሁሉንም ትችላለህ»

አይቻልም። ጓደኛዬ ኤምባሲ ሄዶ ጠቅላላ ውክልና ሰጠኝ። ወረቀቱን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋገጥኩ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ወስጄ አስመዘገብኩ። ማኅተም ሲበዛ ልብ ያብጣል መሰለኝ፣ ቤቱን ልሸጥለት ገዢ ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ እስከ ታች አነበበችው፣ ከዚያ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መስመሮቹን እየነካካች «መሸጥ የሚለው የታለ?» አለችኝ። የለም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት ወይም ፍርድ ቤት ለመቆም ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እሱ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ እንደገና ኤምባሲ ሄደ። ሁለተኛው ወረቀት እስኪደርስ ገዢው ሌላ ቤት ገዛ።

«ኪራዩን ጨምርበት»

ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ይቺን ነገር በየወሩ እሰማታለሁ። በዶላር ሲያሰላው ኪራዩ አነሰበት። ግን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያወጣው ልክ ነው። «ቤቱ የኔ አይደል እንዴ?» ይለኛል። ያንተማ ነው። ወረዳ ሄጄ የምሰለፈው ግን እኔ ነኝ።

«እሱም ሳይጠቀም አይቀርም»

ይቺ የጎረቤት ናት። ትርፌ ከአባዶ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ነው። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ሲባል ደግሞ በማግስቱ እንደገና።

«እንዳይጨነቅ፣ መታመማቸውን አትንገረው»

አባቱ ሲታመሙ ቤተሰቡ እንዲህ ብሎ ያዘኝ። እሺ አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። እዚያ ያለ ሰው ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ትኬት መቁረጥ አለበት፤ «ደህና ናቸው» እያልነው ሁለት ወር አለፈ። አሁን ቢሆን የፈለገ ይቆጣኝ እንጂ በሽታን አልደብቅም።

«ሞትንም ወዲያው ደውሎ መንገር ነው»

እዚህ ላይ ግን ከወጣቶቹ ጋር አልስማማም። መርዶ የራሱ ወግ አለው። ሰው ብቻውን፣ ሥራ ቦታ ወይም መሪ ይዞ አይረዳም። ሲነጋጋ፣ ቤቱ፣ ሽማግሌና ጓደኛ ባለበት ነው የሚነገረው። ይሄ ወግ ባሕር ማዶም ይሠራል፤ የሚሄዱለት ሰዎች ማግኘት ብቻ ነው።

አባቱ ያረፉት ክረምት ላይ ነበር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። በክረምት ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እሱ ጋ ቀትር ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ ሥራ ላይ ነው። እዚያ ያሉ ጓደኞቹን ደውዬ አገኘሁ። በነሱ ሌሊት 11 ሰዓት ቤቱ ሊሄዱ ተስማማን፣ በእኛ ቀን 6 ሰዓት መሆኑ ነው። እስከዚያ ያለው ትልቁ ሥራ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል እንዳይለጠፍ ዘመዱን ሁሉ እየዞሩ መለመን ነበር። አንድ የአክስቱ ልጅ ፎቷቸውን ለጥፎ አግኝቼው በስንት ልመና አጠፋው።

እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ድንኳን እየተተከለ ስለነበር መዶሻው እንዳይሰማው ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

«ምነው፣ ኪራዩ አልገባም እንዴ?»

«ገብቷል» አልኩት። ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።