ሩዝቬልት ምን ማለት ነው?

‘ሩዝቬልት’ እያልን በምንጽፈው ስም ውስጥ ሩዝ የለም። ያለው ጽጌረዳ ነው። በሆላንድ ቋንቋ ‘ሮስ’ ጽጌረዳ፣ ‘ፌልት’ ደግሞ መስክ ስለሆነ፣ ስሙ ሲፈታ የጽጌረዳ መስክ ይሆናል። ሆላንዶች ሁለት ‘ኦ’ ደርድረው ሲጽፉ የሚያነቡት ረዘም ያለ ‘ኦ’ ነው፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ያንኑ ሲያይ ‘ኡ’ ማለት ይቀናዋል። እኛም ሩዙን ያገኘነው ከዚያው ይመስለኛል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር፤ የስማቸው መነሻ ልክ እንደ አበባው ‘ሮዝ’ ተብሎ እንደሚነበብ በደብዳቤ ጽፈው አስረድተዋል።

ስሙን ወደ አሜሪካ ያሻገረው ሰው በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከሆላንድ ተነስቶ ኒው አምስተርዳም ገባ። ኒው አምስተርዳም የዛሬዋ ኒው ዮርክ ናት። ሰውየው ክላስ ማርቴንሰን ፋን ሮዘንፌልት ይባላል። ሲያዩት የሚያስፈራው ይህ ረጅም ስም ለአማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ ቅርብ ነው። ክላስ የራሱ መጠሪያ ነው። ማርቴንሰን ‘የማርቴን ልጅ’ ማለት ነው፤ ተፈሪ መኮንን እንደማለት። ‘ፋን’ የኛዋ ‘ከ’ ናት፤ ተከትሏት የሚመጣው የቦታ ስም ነው። እንግዲህ ሮዘንፌልት የሰውየው አገር መጠሪያ እንጂ የዘር ስም አልነበረም። ጎረቤት ‘የትኛው ክላስ?’ ብሎ ሲጠይቅ ‘የሮዘንፌልቱ’ ብሎ ለመመለስ ያገለግላል፣ በቃ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሆላንዳዊ በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ይኖር ነበር፤ ልጅ ሲወለድ የአያት ስም ይወድቃል። ናፖሊዮን አገሪቱን በያዘ ጊዜ በ1811 ባወጣው ድንጋጌ ነው ሁሉም ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም ይዞ እንዲመዘገብ የታዘዘው። አሜሪካ የተሻገሩት ግን ከዚያ ቀድመዋል። በ1664 እንግሊዞች ከተማዋን ወስደው ኒው ዮርክ ካሏት በኋላ፣ ሆላንዳውያኑ ሰውን ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ በሚተላለፍ ስም በሚጠራ አስተዳደር ውስጥ ገቡ። የዛሬዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ይህን ያውቁታል፦ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የአባትየው መጨረሻ ስም የአያት፣ የልጁ ደግሞ የአባት ሆኖ ሲገኝ ጸሐፊው ግራ ይጋባል፤ በመጨረሻ አንዱ ስም ይመረጥና እዚያው ይረጋል።

በክላስ ቤት የረጋው የቦታው ስም ነው። በ1658 የተወለደው ልጁ ኒኮላስ ይባላል (ክላስ ራሱ የኒኮላስ ማቆላመጫ ስለሆነ አባትና ልጅ ሞክሼ ናቸው)። በአባቶቹ ልማድ ቢሄድ ‘ኒኮላስ የክላስ ልጅ’ ተብሎ በቀረ ነበር። እርሱ ግን ሩዝቬልት የሚለውን ያዘ፤ ‘ፋን’ም ተጣለች። ሌላው ከሆላንድ የመጣ የአሜሪካ ቤተሰብ፣ ቫንደርቢልት፣ በአንጻሩ ‘ፋን ደር’ን ከኡትሬክት አጠገብ ካለችው ከዴ ቢልት መንደር ጋር ገጥሞ አንድ ቃል አድርጓታል።

ከኒኮላስ ልጆች ሁለቱ፣ ዮሐንስና ያኮቡስ፣ ግንዱን ለሁለት ከፈሉት። ከዮሐንስ ወገን በኒው ዮርክ የኦይስተር ቤይ ቅርንጫፍ፣ ከዚያም ቴዎዶር መጡ፤ ከያኮቡስ ወገን የሃይድ ፓርክ ቅርንጫፍና ፍራንክሊን። አንደኛው በ1901፣ ሌላው በ1933 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ዝምድናቸው የራቀ ነበር። ሁለቱ ቅርንጫፎች ግን ተጋብተዋል። ፍራንክሊን በ1905 ያገቧት ኤሊኖር የቴዎዶር የወንድም ልጅ ናት፤ ሙሽራዋን የዳሯት አጎቷ ናቸው። ኤሊኖር ከጋብቻ በፊትም በኋላም ሩዝቬልት ነበረች፤ ሚስት የባሏን ስም በምትወስድበት አገር ጋብቻ ስም ያላስቀየራት ሴት።

የጽጌረዳው መስክ ራሱ የት ነው? ወጉ የሚያመለክተው በሆላንዶች አገር በዜላንድ አውራጃ የምትገኘውን የቶለን ደሴት፣ በተለይም የኦውድ ፎስሜርን መንደር ነው። እዚያ ስማቸው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ባለርስቶች ነበሩ፤ ክላስ ከእነርሱ መወለዱን የሚያስረግጥ ሰነድ ግን አልተገኘም። ‘የጽጌረዳ መስክ’ በጀርመንኛም ‘ሮዘንፌልድ’ ስለሚባልና ይህ በአይሁዳውያን ዘንድ የተለመደ ስም ስለሆነ፣ የፍራንክሊን ባላንጣዎች ‘ሰውየው አይሁዳዊ ነው’ የሚል ወሬ ነዙ። እርሳቸው በ1935 ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ደስ ይለኛል፦ የጥንት አባቶቼ አይሁድ ይሁኑ ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት አላውቅም፤ ይልቅ ደግ ዜጎችና በእግዚአብሔር የሚያምኑ ቢሆኑ ነው የምወደው የሚል ነበር።

ከዚህ በኋላ ስሙ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በብራዚል ጫካ ቴዎዶር የተጓዙበት ‘የጥርጣሬ ወንዝ’ ሩዝቬልት ተባለ፤ በፓሪስ የባቡር ጣቢያ፣ በአምስተርዳም ጎዳና አገኘ። በዜላንድ ዋና ከተማ በሚድልበርግ ደግሞ በዚሁ ስም የአሜሪካ ታሪክ የጥናት ማዕከልና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቋቁመዋል። ከዜላንድ በመርከብ ወጣ የሚባለው ስም ፕሬዚዳንት ሆኖ ዜላንድ ገባ።

ወደኛ የመጣውም በመርከብ ነው ማለት ይቻላል። የካቲት 6 ቀን 1937 በኛ አቆጣጠር፣ ከያልታ ጉባኤ የሚመለሱት ፍራንክሊን ግብፅ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀበሉ። ፍራንክሊን በሁለት ወር ውስጥ አረፉ። ዛሬ በአዲስ አበባ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የሩዝቬልት ጎዳና አለ፤ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚደርሰው በዚሁ አድራሻ ነው። ኅብረቱ አድራሻውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ከስሙ መሃል አንዲት ‘ኢ’ ትጎድላለች። የክላስ ዘመን ጸሐፊዎች ቢያዩት ምንም አይደንቃቸውም ነበር፤ እነርሱም እንደሰሙት ነበር የሚጽፉት።