«በቂ ያልሆነ ምርመራ» ሲባል

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራዋ አጠራጣሪ ሆኖ በኮልፖስኮፒ (የማህፀን በርን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ) የታየች የደሴ እናት፣ ወረቀቷ ላይ «በቂ ያልሆነ ምርመራ» የሚል ብታይ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ግን ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ነጻ ነሽ ማለትም አይደለም። መታየት ያለበት ቦታ አልታየም፣ በቃ።

ቦታው የማህፀን በር የውጪና የውስጥ ሽፋኖች የሚገናኙበት መስመር ነው። ቅድመ ካንሰር ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ መስመሩም ወደ ማህፀን በሩ ቦይ ውስጥ ይሸሻል። መሣሪያው ቢያጎላም ሐኪሙ አያገኘውም።

አንዳንዴ ከድጋሚ ምርመራ በፊት መድኃኒት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በብልት የሚደረግ ኢስትሮጅን ለጥቂት ሳምንታት ተወስዶ ምርመራው ይደገማል። ወይም ሚሶፕሮስቶል የተባለ መድኃኒት ከምርመራው ሰዓታት ቀደም ብሎ ተወስዶ በሩን ያለሰልሳል፤ ቁርጠትና ብርድ ብርድ ማለት ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም ቦታውን ለማሳየት እንጂ ለውጡን ለማከም አይደሉም። የጎረቤት የኢስትሮጅን ክሬም መዋስማ ኧረ ተይ! የጡት ካንሰር የነበረባት ኢስትሮጅን ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሙ ትናገር። አሁንም ካልታየ ሐኪሙ ከቦይው ናሙና ሊወስድ ይችላል።