«ጨው ያው ጨው ነው» እና ሌሎች የባሕር ዓሣ አርቢ የሚሰማቸው ምክሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የባሕር ዓሣ አረባለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ይመክረኛል። ሳሎኔ ያለችው ገንዳ 100 ሊትር አትሞላም። የያዘችውም ሁለት ክላውን ፊሽ የሚባሉ ዓሦች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣና ትንሽ ኮራል (ድንጋይ የመሰለ አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ነው። የባሕር ውሃዋን ጨው በጥብጬ የማዘጋጀው እኔው ነኝ። ምክሩ ግን ሐይቅ ይሞላል። አልፈርድም፤ ሁላችንም ጨውን የምናውቀው ከማጀት ነው። የማጀት እውቀት ደግሞ እዚህ ላይ፣ ከአንድ ቦታ በቀር፣ ያሳስታል።

«ጨው ያው ጨው ነው፤ የአፋሩ ምን ጎደለው?»

ይህን የሚሉኝ በዕድሜ የገፉት ናቸው። ለነገሩ የአፋር ጨው በግመል ተጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣበት የነበረ፣ አሞሌም እንደ ገንዘብ የተገበያየንበት አገር ነው። ለወጥ የሚስተካከለው የለም። ግን የወጥ ጨው ማለት ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ አዮዲን ተጨምሮበት። የባሕር ውሃ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ ከ400 ትንሽ ከፍ ያለ ካልሲየም፣ 400 የሚጠጋ ፖታሲየም አለ። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) እንዳይዋዥቅ የሚይዘው ባይካርቦኔትም አለ። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። በወጥ ጨው ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ግንበኛን ያለ ድንጋይ ቤት ሥራ ማለት ነው።

ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው ያስፈልጋል። የእኔው በዘመድ ሻንጣ ነው የሚመጣው። አንድ ማንኪያ ሲደፋ ሆዴ ይባባል።

«ውሃው ንጹሕ ነው፤ ከጠረጠርክ አፍላው»

ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ክሎሪንም ያባርራል። የሟሟ ማዕድን ግን በእንፋሎት አይሄድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይጠነክራል። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያየ ይገባዋል። ከቧንቧ ወይም ከምንጭ የሚመጣ ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ገንዳውን በአልጌ ያለብሰዋል። መነሻው በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፈው) ያለፈ፣ ቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካው) ላይ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ውሃ ነው።

«ጨውን ሥሩ አድርግና ውሃ ልቀቅበት»

ይህችን ማንም አልመከረኝም፤ የራሴ ጥፋት ናት። ውሃው ወተት መሰለ። እስኪጠራ ብዬ አንድ ቀን ጠበቅኩ፤ ባልዲው ሥር ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። ብዙ ጨው በትንሽ ውሃ ሲገናኝ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተያይዘው ኖራ ይሆናሉ። ያ ኖራ ተመልሶ አይሟሟልህም። መጀመሪያ ውሃው ይግባ፣ ፓምፑ ይዙር፣ ከዚያ ጨው ቀስ እየተባለ ይጨመር። ልኩ እንደ ጨው ዓይነቱ ቢለያይም በሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም አካባቢ ነው። ከረጢቱ ላይ ያለውን አንብቡ።

«ጠርቷል፤ ደርሷል»

አገራችን ብርድ መሆኑን የሚያስታውሰኝ እዚህ ጋ ነው። በኅዳር ውርጭ ማለዳ በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ 12 ዲግሪ ሆኖ ይገኛል። ገንዳው የሚፈልገው 25 ነው። ብርዱ ዓሣውን ከመጉዳቱ በፊት መለኪያውን ያሳስታል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይከብዳላ! በ25 ዲግሪ የተስተካከለ ተንሳፋፊ ሃይድሮሜትር (በውሃው ክብደት ጨውነቱን የሚለካ ዕቃ) ልከኛውን የባሕር ውሃ 1.026 ብሎ ማንበብ አለበት፤ ከንጹሕ ውሃ 1.026 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ያንኑ ውሃ በ12 ዲግሪ ከለካችሁት ግን ወደ 1.030 ይጠጋል። «ጨው በዛ» ብላችሁ ውሃ ትጨምራላችሁ። ሲሞቅ ይቀጥናል። እኔ ሁለት ጊዜ ተሸውጃለሁ። አሁን መጀመሪያ አሞቃለሁ፣ ከዚያ እለካለሁ።

ሌላው ከፍታችን ነው። ከባሕር ጠለል ወደ 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ሳስቶ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 10 እጅ 7 ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጨው ውሃ ደግሞ ድሮም ከጣፋጩ (ጨው ከሌለው) ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው። ቆላ ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ያን ያህል ላይጨነቅ ይችላል። እኛ ጋ ግን የውሃው ፊት ሌት ተቀን መናወጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ የምሮጠው ወደ ማሞቂያው ሳይሆን በባትሪ ወደሚሠራው አየር መንፊያ ነው።

«ሲጎድል የጨው ውሃ ሙላበት»

የማጀት እውቀት የሚያዋጣው እዚህ ነው። ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ሲወፍር ማን ጨው ይጨምራል? ውሃ ጠብ ይደረግበታል እንጂ። ገንዳም እንደዚያው፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። በበጋ ነፋስ የጎደለውን በተጣራ ጣፋጭ ውሃ ሙሉ። የጨው ውሃ የሚገባው አሮጌውን ቀድታችሁ በአዲስ ስትለውጡ ነው።

«ጨው አይበላሽም፤ በየትኛውም ዕቃ ይቀመጣል»

ግማሹ እውነት ነው። በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ፣ ዓሣ ያልገባበት የጨው ውሃ ክዳን ካለው ሳምንታት ይቆያል። ክዳን ከሌለው እየተነነ ይጠነክራል፣ አቧራም ይገባበታል። ሳትጠቀሙበት በፊት አንቀሳቅሱት፣ አሙቁት፣ እንደገና ለኩት። ዕቃው ላይ ግን ቀልድ የለም። የዘይት ጄሪካን ቢታጠብም ፊቱ ላይ ቅባት ይተዋል። የፀረ ተባይ ዕቃ ከነጭራሹ አይነካም። የናስ ቧንቧ መዳብ አለው፤ መዳብ ለዓሣው ሳይሆን በቅድሚያ ለቀንድ አውጣውና ለኮራሉ መርዝ ነው። ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ በርሜል ይሻላል። ያልተበጠበጠው ጨው ደግሞ ጠላቱ ክረምት ነው። እርጥበት ስቦ ድንጋይ ይሆናል፤ አፉን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

«ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር አንድ በርሜል ያምጣልህ»

ጎረቤቴ ሹፌር ነው፤ ከልቡ ነው ያለው። የባሕር ውሃ ግን ሕይወት አለው። በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት በዚያ ሙቀት በሚሌ በኩል እስኪደርሱ ታፍነው ይሞቱና ይሸታል። ወደብ አካባቢ የተቀዳ ከሆነ የመርከብ ናፍጣም አያጣውም። ልጁን ማስቀየም ስላልፈለግኩ ንጹሕ ባዶ የምግብ በርሜል ካገኘ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ።