ይቅርታ በግድ አይሆንም፦ ስለ ተሃድሷዊ ፍትሕና መንፈሳዊነት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የተለመደው የፍርድ ቤት አካሄድ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የትኛው ሕግ ተጣሰ? ማን ጣሰው? ቅጣቱ ምን ይሁን? ተሃድሷዊ ፍትሕ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ ተደጋግሞ የሚጠራው አሜሪካዊው ሃዋርድ ዜር ጥያቄዎቹን እንዲህ አስቀምጧቸዋል፦ ማን ተጎዳ? ምን ያስፈልገዋል? ጉዳቱን የመጠገን ግዴታ ያለበትስ ማን ነው? መልሱን ለማግኘት ተበዳዩ፣ በዳዩና ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በሠለጠነ አመቻች አማካይነት ይገናኛሉ።

ነገሩ ከመንፈሳዊነት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ግን ዝምድናው ብዙ ጊዜ ተጣሞ ይወራል። አማኞችም ያጣምሙታል፣ ሃይማኖት የማይመቻቸው ሰዎችም ያጣምሙታል። ከተሳሳቱት አመለካከቶች አንዳንዶቹ የተጎዳን ሰው ድጋሚ ይጎዳሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጥፋተኛን መክሮ መልቀቅ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት 22 ቦታ ላይ ንብረት አበላሹ። የመኪና ጎማ ቀደዱ፣ መስኮት ሰበሩ። ጉዳያቸውን የያዘው የመንግሥት ሠራተኛ የሜኖናይት እምነት ተከታይ ነበር። ሜኖናይቶች ለሰላምና ለእርቅ ትልቅ ቦታ የሚሰጡ ክርስቲያኖች ናቸው። እሱና ባልደረባው ለዳኛው ያልተለመደ ሐሳብ አቀረቡ። ወጣቶቹ ንብረታቸውን ያበላሹባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ሄደው ቢያነጋግሩስ? ዳኛው ተስማማ። ወጣቶቹ በየበሩ እየቆሙ «እኛ ነን ያደረግነው» አሉ። የደረሰውን ኪሳራ ሰሙ። በጥቂት ወራት ውስጥም ካሣውን ከፍለው ጨረሱ። ዛሬ የዘመናዊው ተሃድሷዊ ፍትሕ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ጉዳይ ነው።

ይህን «መልቀቅ» የሚል ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው። በፍርድ ቤት ተከሳሹ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ የሚናገርለት ጠበቃው ነው። የተበዳዩን ሌሊቶች፣ ፍርሃቱን፣ ያጣውን ነገር ሳይሰማ ፍርዱን ተቀብሎ ሊወጣ ይችላል። በተበዳዩ ዓይን ፊት ቆሞ መናገር ከዚህ ይቀላል? እኔ አይመስለኝም። ደግሞም ሂደቱ እስርን የግድ አይተካም። ከፍርድ በፊት፣ ከፍርድ ጋር ጎን ለጎን፣ ወይም ጥፋተኛው እስር ቤት እያለ ሊካሄድ ይችላል።

«ተበዳይ ይቅር ማለት አለበት»

ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ነው። ሰው ቆስሎ ይመጣል። ከዚያ «ለነፍስህ ስትል ይቅር በለው» ይባላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባለ ዕዳው ተበዳዩ ይሆናል። ይቅር ካላለ ክፉ እሱ ነው፤ እርቁን ያፈረሰው እሱ ነው። በዳዩ ደግሞ ገና ምንም ሳይናገር ተመልካች ሆኖ ይቀመጣል።

የአፓርታይድ፣ ማለትም የዘር መድልዎ አገዛዝ፣ ዘመን በደሎችን የመረመረውን የደቡብ አፍሪካን የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ብዙዎች የሚያስታውሱት በይቅርታ ነው። ሰብሳቢው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ነበሩ። ምስክርነት መስማት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 ነው። ቱቱ ስብሰባ በጸሎት ይከፍቱ ነበር፤ ሻማም ይበራ ነበር። ሕጉ ግን ለምሕረት፣ ማለትም ጥፋተኛው ከክስና ከቅጣት ነጻ እንዲሆን፣ የተበዳዩን ይቅርታ ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። ተበዳዩ ይቅር እንዲል አላስገደደም፤ ጥፋተኛው እንዲጸጸት እንኳ አልጠየቀም። የጠየቀው ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ የነበረው መሆኑንና እውነቱ ሙሉ በሙሉ እንዲነገር ነው። ከ7,000 በላይ ማመልከቻዎች ቀርበው ምሕረት ያገኙት 849 ናቸው። በእስር ላይ ሳለ በፖሊሶች ድብደባ የሞተው የፀረ አፓርታይድ ታጋይ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ የምሕረቱን ሕግ ተቃውሞ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዷል። ቤተሰቡ ክርክሩን ተረታ። የቢኮ ገዳዮች ያቀረቡት የምሕረት ጥያቄ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ውድቅ ተደረገ። ያ ቤተሰብ ፍርድ ቤት መሄዱ የእርቅ ጠላት አያደርገውም። መብቱን ነው የጠየቀው።

የሃይማኖት መጻሕፍትንም ብናይ ሸክሙን መጀመሪያ የሚጭኑት በበዳዩ ላይ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ የወሰደውንም ሙሉውን፣ አምስተኛ እጅ ጨምሮበት፣ ለበደለው ሰው ይመልሳል። በአይሁድ ትምህርት የስርየት ቀን የሚባለው ታላቅ ጾም ሰው በሰው ላይ የሠራውን በደል አያነጻም፤ በዳዩ መጀመሪያ የበደለውን ሰው ማስደሰት አለበት። በማቴዎስ ወንጌል መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ በእሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ካስታወሰ መባውን መሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ሄዶ ይታረቃል። በሉቃስ ወንጌል ቀረጥ ሰብሳቢው ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው። በቁርአን ሱረቱል በቀራ ውስጥ የግድያ ቅጣትን የመተው ሥልጣን የሟቹ ቤተሰብ ነው። ከማሩት ደግሞ በዳዩ ካሣውን በመልካም ሁኔታ እንዲከፍል ታዟል።

እነዚህ ሁሉ ይቅርታን ያከብራሉ። የሚያከብሩት ግን የሰጪው ስጦታ አድርገው ነው። ተጎትቶ የወጣ ይቅርታ የማንንም ነፍስ አያሳርፍም።

ብዙ ተበዳዮች ወደ ስብሰባው የሚመጡት ለማወቅ ነው። ለምን እኔን መረጥክ? ልጄ በመጨረሻዋ ሰዓት ምን አለች? ተመልሰህ ትመጣለህ? ፖሊስም ዳኛም ይህን ሊመልሱላቸው አይችሉም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዳንዱ መልሱን ሰምቶ ይቅር ይላል። አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ ይላል። አንዳንዱ መቼም አይልም፣ ግን እንቅልፉ ይመለስለታል። ስብሰባው በሦስቱም ሁኔታ ተሳክቷል።

«መንፈሳዊነት ካለበት ስብከት ነው፤ ላላመነ ሰው አይሆንም»

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሕግ የሽምግልና አገልግሎቱን የመንግሥት ሥራ አድርጋዋለች። እዚያ ለመገልገል እምነት አይጠየቅም። ኒው ዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ሕግ የወጣት ጥፋተኞችን ጉዳይ ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲመክርበት አደረገች። በዚህ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነው የማኦሪ ሕዝብ አስተሳሰብ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ቤተሰቡ ከፈለገ ስብሰባው በባህሉ ጸሎት ይከፈታል። በአሜሪካ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ ፍርድ ቤቶችም እ.ኤ.አ. በ1982 የራሳቸውን የሰላም አውራጅ ሥርዓት መሥርተዋል። እዚያ ጸሎት የሂደቱ አካል ነው፤ ዓላማው የተናጋውን ስምምነት መመለስ ነው።

ታዲያ መንፈሳዊው ነገር የቱ ጋ ነው? እኔ እንደሚገባኝ ሁለት እምነቶች ውስጥ ነው። አንደኛው፣ ሰው በሠራው የከፋ ሥራ ብቻ አይለካም። ሁለተኛው፣ በደል ሕግ ብቻ ሳይሆን በሰዎች መካከል ያለን ነገር ይሰብራል። እነዚህን ፈጣሪ የለም የሚል ሰውም ከልቡ ሊይዛቸው ይችላል። በክብ ተቀምጦ የሚደረገውን ውይይት አስቡት። አንድ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የያዘው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ማንም ማንንም አያቋርጥም። ዝም ማለትም ይፈቀዳል። ይህን ለማድረግ ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግም።

አመቻቹ ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ጸሎት ይኑር? ሻማ ይብራ? ጸሎት የሚያበዛ ሰው የበደላት ሴት ጸሎት ስትሰማ ሰውነቷ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ለአንዱ መጽናኛ የሆነው ለሌላው ማስፈራሪያ ነው።

«ለቀላል ጥፋት ካልሆነ አይሠራም»

የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በከባድ ወንጀል፣ ግድያን ጨምሮ፣ ተበዳዮችና ጥፋተኞች የሚገናኙበት ፕሮግራም አላት። ጥያቄው መነሳት ያለበት ከተበዳዩ ወገን ነው። ዝግጅቱ ወራት ይወስዳል። ጥፋተኛውም በመሳተፉ የእስር ጊዜ አይቀነስለትም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ደስ ይለኛል፤ ተበዳዩ «ለመፈታት ብሎ ነው» ብሎ እንዳይጠራጠር ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ፊት ለፊት ስብሰባዎችን የፈተሹ 10 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። ድጋሚ ወንጀል መሥራት ቀንሷል። ቅናሹ ግዙፍ አይደለም፣ ግን አለ። ከንብረት ይልቅ በኃይል ወንጀል ላይ የተሻለ ውጤት ታይቷል። ብዙዎቻችን የምንገምተው ተቃራኒውን ነው።

«የሃይማኖት አባት ከመራው ተበዳይ አይጎዳም»

አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ የሚመታ ባልና የምትመታ ሚስት እኩል ሆነው አይቀመጡም። ባልየው በእምነቱ ማኅበር ውስጥ የተከበረ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። አስታራቂው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ትዳሩ እንዳይፈርስ ሲል ሴትዮዋን ወደ ድብደባው ሊመልሳት ይችላል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው የኢስታንቡል ስምምነት በሴቶች ላይ በሚፈጸም ጥቃት አስገዳጅ ሽምግልና እንዲከለከል የሚያዘው ለዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው መሠረታዊ መርሆም ተሳትፎው በነጻ ፈቃድ እንዲሆንና ማንም በፈለገ ሰዓት ማቋረጥ እንዲችል ይላል።

በዳዩ የሃይማኖት አባት ሲሆንስ? ያኔ የእምነት ተቋሙ ራሱ ባለ ጉዳይ ነው። ባለ ጉዳይ ደግሞ አስታራቂ አይሆንም። «ጉዳዩን በውስጥ በጸሎት እንጨርሰው» የሚል ግብዣ ከመጣ፣ ይህ ተሃድሷዊ ፍትሕ አይደለም። መደበቅ ነው። ወንጀሉ ወደ ፖሊስ ይሂድ፤ ስብሰባ የሚታሰበው ተበዳዩ ሲፈልግና ከተቋሙ ውጭ የሆነ አመቻች ሲኖር ነው።

«እንባ ከወረደና ከተቃቀፉ አለቀ»

ደቡብ አፍሪካ ላይ ምሕረት ያገኙት ወዲያው ነጻ ሆኑ። ተበዳዮቹ ግን ካሣ ጠበቁ። ኮሚሽኑ ለስድስት ዓመት በየዓመቱ ክፍያ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መንግሥት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ የአንድ ጊዜ 30,000 ራንድ። ያ ሁሉ ጸሎትና ምስክርነት አልፎ ቅሬታው እስከ ዛሬ የሚነሳው በአብዛኛው በዚህ ነው። ሲጠገን ያልታየ ጉዳት በጥሩ ቃል አይሽርም።

የተሻለ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሃሚልተን በተባለች የካናዳ ከተማ በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት የፈጸመ ሰው እስሩን ጨርሶ ወጣ። ዘመድ የለውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቷል። አንዲት ትንሽ የሜኖናይት ጉባኤ ጥቂት በጎ ፈቃደኞችን በዙሪያው አሰባሰበች። ይጎበኙታል፣ ሐኪም ቤት ይሸኙታል፣ ቤት ሲፈልግ ያግዙታል። ከባዱንም ጥያቄ ይጠይቁታል፦ ዛሬ የት ዋልክ? ምን አሰብክ? ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ ለፖሊስ እንደሚናገሩም ያውቃል። ሁለት መርህ አላቸው፤ ሌላ ተበዳይ እንዳይኖር፣ ሰውም እንዳይጣል። አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮች ሄዷል። አማኞችም ያላመኑም አብረው ይሠሩበታል።

እንዲህ ባለ ሂደት እንድትሳተፉ ከተጋበዛችሁ ጥቂት ነገር ጠይቁ። እምቢ ብል ምን ይሆናል? መሃል ላይ ብወጣስ? ጸሎት ካለ አስቀድሞ ይነገረኛል? ቃል የተገባው ነገር መፈጸሙን ከስድስት ወር በኋላ የሚያጣራው ማን ነው? አመቻቹ ለመጨረሻው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም ካልሰጣችሁ፣ ዝግጅቱ አላለቀምና ቀኑ ይራዘም በሉ።