ስም ያልወጣላቸው ቪዲዮዎች፦ የሚባለውና እውነታው

ዩቲዩብ ላይ «አይኤምጂ» የሚነበቡትን ሦስት የላቲን ፊደላትና አንድ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ 0417፣ ጽፋችሁ ብትፈልጉ ሳትጋበዙ የማታውቁት ሰው ሳሎን ውስጥ ትገባላችሁ። ሕፃን ልጅ ቆሞ ለመሄድ ይፍጨረጨራል፣ ቀራጩ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከጀርባ አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ያየው ሰው ብዛት 7። ስለ እነዚህ ቪዲዮዎች ባወራሁ ቁጥር ሰዎች የሚመልሱልኝ ነገር ስለሚመሳሰል፣ መልሴን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

«ከሰው ስልክ ተሰርቀው የወጡ ናቸው።»

ማንም አልሰረቃቸውም። የጫኗቸው ባለቤቶቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ገበያ የዋለው አይፎን 3ጂኤስ ቪዲዮ መቅረጽ የሚችል የመጀመሪያው አይፎን ሲሆን፣ የተቀረጸውን በቀጥታ ወደ ዩቲዩብ የሚልክ ቁልፍም ነበረው። ስልኩ በወጣ በቀናት ውስጥ ዩቲዩብ በየቀኑ ከሞባይል የሚጫነው ቪዲዮ ብዛት በ400 በመቶ እንደጨመረ አስታወቀ። ርዕስ ለመጻፍ ያልደከመ ሰው ቪዲዮውን ስልኩ በሰጠው የፋይል ስም ለቀቀው፤ ያ ስም እስከ ዛሬ ርዕሱ ሆኖ ቀርቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2012 የዩቲዩብን መተግበሪያ ከስልኩ ጋር አብሮ ማቅረብ አቆመ።

«ዝና ፈልገው ያልተሳካላቸው ሰዎች ናቸው።»

የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። ዩቲዩብ ለእነዚህ ሰዎች ፖስታ ቤት ነበር እንጂ መድረክ አልነበረም። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አያያይዝም። በአሜሪካ ደግሞ የአይፎን ተጠቃሚዎች እስከ ሴፕቴምበር 2009 ድረስ ፎቶና ቪዲዮ በስልክ መልእክት መላክ አይችሉም ነበር። ታዲያ የልጅ ልጇ እንዴት እንደሚሄድ ማየት የፈለገች አያት ምን ይደረግላት? ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፣ አድራሻው ይላክላታል፣ አይታ ትስቃለች፤ ጉዳዩ አለቀ። እኛ ዛሬ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ የምንለዋወጠውን እነርሱ በአደባባይ ተለዋወጡት። ሰባቱ ተመልካቾች አያት፣ አክስት፣ አጎት ቢሆኑ ቪዲዮው ከታሰበለት ሰው ሁሉ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

«ይህን ያህል ጥቂት ተመልካች ያለው ቪዲዮ ብርቅ ነው።»

ብርቁስ ሚሊዮን ሰው ያየው ነው። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የሚገኙት ኢታን ዙከርማንና ባልደረቦቹ ይህንን በብልሃት አጣርተውታል። እያንዳንዱ የዩቲዩብ ቪዲዮ 11 ምልክቶች ያሉት መለያ አለው። ተመራማሪዎቹ እነዚህን መለያዎች በዘፈቀደ እየገመቱ፣ የተሳካላቸውን ሰብስበው፣ ከ10 ሺህ በላይ ቪዲዮዎች መረመሩ። በተመልካች ብዛት ቢሰለፉ መሐል ላይ የሚቆመው ቪዲዮ 40 ጊዜ ያህል ብቻ የታየ ሆኖ ተገኘ። ዕለት ዕለት የሚቀርብልን ማለት የጋኑ አፍ ነው፤ ሆዱን አናይም።

«ቁጥሩ ምስጢራዊ መልእክት አለው።»

የለውም። የዲጂታል ካሜራ ፋይሎች አሰያየም በጃፓን ኢንዱስትሪ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ደንብ አለው፦ አራት ምልክት (ሦስቱ ፊደላትና አንድ የግርጌ ሰረዝ)፣ ቀጥሎ አራት አኃዝ። 9999 ላይ ሲደርስ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ፎቶና ቪዲዮም አብረው ይቆጠራሉ። ስለዚህ 0417 ባለቤቱ 417 ቪዲዮ ቀርጿል ማለት አይደለም፤ ያንኑ ቁጥር የያዘ ፋይል ያለው ሰውም ስፍር ቁጥር የለውም።

«ባለቤቱ ረስቶታል፤ እንግዲህ የማንም ነው።»

ቪዲዮውን ሕዝብ እንዲያየው መጫን ለማንም ማውረስ አይደለም፤ የቅጂ መብቱ ከቀረጸው ሰው ጋር ይቆያል። ከዚህ የሚከብደው ግን የሚታዩት ሰዎች ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ያኔ ይፍጨረጨር የነበረው ሕፃን ዛሬ የራሱ ስልክ የያዘ ጎረምሳ ነው፤ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። ወላጁም ቢጸጸት የድሮ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ ከጠፉበት በራሱ እጅ ማጥፋት አይችልም። እርግጥ በቪዲዮ የሚታይ ሰው ራሱ ለዩቲዩብ የግላዊነት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ቪዲዮው መኖሩን ካወቀ። እኔ በበኩሌ አያለሁ፣ አላወርድም፣ ለሰውም አላጋራም። ድንኳን ውስጥ ሳይጠራ የገባ ሰው ቢያንስ ሳህን ይዞ አይወጣም።

«ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር አይጠፋም።»

በአንድ ወቅት ገናና የነበረውን ማኅበራዊ ድረ ገጽ፣ ማይስፔስን፣ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳመነው፣ መረጃውን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲያዛውር ከ2016 በፊት የተጫኑ የብዙ ዓመታት ዘፈኖች፣ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ጠፍተውበታል። ዩቲዩብም በጁላይ 2021፣ ከ2017 በፊት ተጭነው አድራሻውን ለያዘ ሰው ብቻ የሚታዩትን ቪዲዮዎች፣ ባለቤቶቻቸው እንዳይዘጉ ካልጠየቁ በቀር፣ ዘግቷቸዋል። ጉግል በ2023 ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ አካውንቶችን እንደሚሰርዝ ሲያስታውቅ፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ ያለባቸውን ለጊዜው እንደማይነካ ተናግሯል። የሕፃኑ እርምጃ እስከ አሁን ያለው በዚያ «ለጊዜው» ላይ ነው።